ጨረቃን ያየ ዓይን

የሻዕባን ሃያ ዘጠነኛ ቀን በመጣ ቁጥር፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ጥቂት ጎልማሶች ወደ እንጦጦ ጥግ ይወጣሉ። ባሕር ዛፍ ያልበቀለባት አንዲት ገላጣ ቦታ አለች፤ እዚያ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ከተማው ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ፣ ሰማዩ እስከ ዳር ድረስ ይታየዋል። የሚወጡት የረመዳንን ጨረቃ ለማየት ነው። መቼም ወሬው ዛሬ በስልክም በቴሌቪዥንም ይመጣል፤ የእነሱን ምስክርነት የሚጠብቅ የለም። አባቶቻቸው ይወጡ ነበርና እነሱም ይወጣሉ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከመካከላቸው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያየው ነጅመዲን ነው።

ነጅመዲን ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው። አባቱ በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው ፈረንሳይ ሰፈር አንዲት ሱቅ ከፈቱ፤ ልጃቸው ግን ከባንኮኒ ጀርባ መቀመጥ አልሆነለትም። በሃያ ዓመቱ መሪ ጨበጠ፣ እስካሁንም አልለቀቀም። መጀመሪያ አይሱዙ ነዳ፣ ቀጥሎ የመስመር ታክሲ፣ አሁን ደግሞ የተማሪዎች ሰርቪስ። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ከቀበና ድልድይ ላይ ሆኖ አራት ኪሎ የቆመ ታክሲ ታርጋ ያነባል እያሉ ይቀልዱበታል፤ ቀልዱም ደስ ይለዋል። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ "ንስሩ" የሚለው ጊዜ ይበዛል።

"ያቻት!" አለ ዘንድሮም ጣቱን ዘርግቶ። "ከዚያ ረጅም ፎቅ በላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ። አያችኋት?"

አላዩዋትም። ዓይናቸውን አጠበቡ፣ አንዱ መነጽሩን አወለቀ፣ አንዱ መነጽር አደረገ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው እንደ ተቆረጠ ጥፍር የቀጠነችው ጨረቃ ለሌሎቹም የተገለጠችላቸው። አላሁ አክበር ተባለ። ነጅመዲንን ትከሻውን እየመቱ "አንተማ ዓይን ነው የተሰጠህ!" አሉት።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ነጅመዲን ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ባዶ መሆኑንም አይቷል። ድንገት ከዚያ ባዶ ውስጥ አንድ ነገር ቀኝ ጉልበቱን መታው፣ ጭራሮ ተንኮሻኮሸ፣ እሱም በፊቱ ተደፋ። ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳርፋ በተቀመጠች አንዲት ሴት ላይ ነበር የወደቀው።

"ሰውዬ! ዓይን የለህም እንዴ?" ብላ ጮኸች።

ከኋላ የነበሩት በሳቅ ፈረሱ። "ዓይን የለህም አለችው! እናቴ፣ ይሄ እኮ አሁን ጨረቃ አይቶ የመጣ ሰው ነው!"

"ጨረቃው ይቅርበትና እግሩ ሥር ይመልከት!" አለች ሴትዮዋ ጭራሮዋን እየሰበሰበች።

ነጅመዲንም አብሮ ሳቀ። ይቅርታ ጠየቃት፣ ሸክሟንም አንስቶ አሸከማት። ውስጡ ግን ቀዝቅዞ ነበር። ሰው ሲደናቀፍ "አላየሁም" ይላል፤ ጨለማ ነበር፣ አልተመለከትኩም ይላል። እሱ ግን ተመልክቷል። ያየው ባዶ መንገድ ነው፤ ጠጠሩ፣ ሣሩ፣ አቧራው ሁሉ በየቦታው ነበር። ሴትዮዋ ብቻ አልነበረችም።

ቤት ሲገባ ለባለቤቱ ለከይሪያ ነገራት።

"ሰዉ ዓይንህን ሲያደንቅ ማሻአላህ አይልም፤ ዝም ብሎ ያደንቃል" አለች ከይሪያ ፊቷ ተለዋውጦ። "ዓይን ነው የበላህ። ስንቴ ነግሬሃለሁ በዓይንህ አትኩራ ብዬ!" ውሃ በብርጭቆ ይዛ ቁርኣን ቀራችበትና ፊቱን እንዲያብስበት ሰጠችው። ነጅመዲን አበሰበት። ነገሩ የሰው ዓይን ቢሆን ወይም ከዚያ ጫካ የተከተለው ጂን ቢሆን ይሻለው ነበር። ለእነዚያ የሚባል ዱዓ አለ።

ሰርቪሱ ነጭ ሚኒባስ ነው። አሥራ ሁለት ሕፃናት ከላይኛው ሰፈር ይሰበስባል፤ ወደ የካ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ያደርሳል። በሩን የምትይዘው፣ ልጆቹን የምታሻግረው፣ ንፍጣቸውንም የምትጠርገው ሮማነወርቅ ናት። ሮማነወርቅና ነጅመዲን በልጅነታቸው እዚያው ፈረንሳይ አንድ ክፍል የተማሩ፣ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ እሷ ዘንድ "ንስሩ" የሚባል ነገር የለም። "አንተ ነጅሙ፣ የሂሳብ ፈተና ከእኔ ላይ ስትገለብጥ የነበርከው!" ትለዋለች ልጆቹ እየሰሙ።

ጠዋት ጠዋት የመጨረሻው ልጅ እስኪመጣ ሌሎቹ መኪናዋን ከብበው ድብብቆሽ ይጫወታሉ። ነጅመዲንም ከወንበሩ ሳይወርድ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ "ኩኩሉ!" ይላቸዋል። "አልነጋም!" ይላሉ እየተራወጡ። እንደገና "ኩኩሉ!"፣ እንደገና "አልነጋም!" ሁሉም መደበቂያ ሲያገኝ "ነጋ!" ይባላል፤ እሱም ቀና ብሎ አንድ በአንድ ይጠራቸዋል። መደበቅ የማትችለው የስድስት ዓመቷ ሀውላ ነበረች። የተደበቀችበት ሆና ሳቋ ያመልጣታል።

ሀውላ የጠይባ ልጅ ናት። ጠይባ አስፋልቱ ዳር የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ያላት፣ ልጅ እንዲሰጣት ስምንት ዓመት አላህን ስትለምን ኖራ ያገኘች ሴት ናት። ልጅቷን ሰርቪስ ላይ ለማሳፈር ሁለት ወር ሙሉ አመንትታለች። በመጨረሻ መጥታ "ጋሼ ነጅሙ፣ እርስዎ ባይሆኑ ለሌላ ሰው አልሰጣትም" ነበር ያለችው።

በረመዳን አምስተኛው ቀን ልጆቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረዱ። ሮማነወርቅ ትንንሾቹን ይዛ ወደ በሩ አስገባቻቸው። ነጅመዲን ፊት ለፊቱን ተመለከተ። ዘበኛው ከሩቅ እጁን አንስቶ ሰላም አለው፤ እሱም እጁን አነሳ። መንገዱ ባዶ ነበር። ፍሬኑን ለቀቀ።

"ቁም! ቁም! በስመ አብ፣ ቁም በለው!"

የሮማነወርቅ ጩኸት ነበር፤ የመኪናዋ ጎንም በጥፊ ሲመታ ተሰማው። ፍሬኑን ረገጠ። ከቀኝ ጎማው ሥር "ቀጭ" የሚል ድምፅ መጣ፤ ያ ድምፅ በሕይወቱ ሙሉ ሲሰማው እንደሚኖር ያን ጊዜውኑ አወቀ።

ከመኪናው የወረደው እንዴት እንደሆነ አያስታውስም። ሀውላ ከጎማው አንድ ስንዝር ርቃ ቆማለች። አልተነካችም። ጎማው ሥር የተጨፈለቀው ሮዝ ምሳ ዕቃዋ ነበር፤ ሩዙ አስፋልቱ ላይ ፈስሷል። ውሃ መጠጫዋን መኪና ውስጥ ረስታው ልትወስድ መመለሷ ነበር።

"ምሳ ዕቃዬ!" አለች ልጅቷ። ሌላው ነገር አልገባትም።

"የት ነበርሽ? ከየት ነው የመጣሽው?" አለ ነጅመዲን።

"እዚህ ነበርኩ። እርስዎ እያዩኝ እኮ ነው፣ እጄን እንዲህ፣ እንዲህ ሳደርግልዎት ነበር።" ትንሿን እጇን አውለበለበች።

ሮማነወርቅ ልጅቷን አቅፋ አስገባቻትና ተመለሰች። "ፊትህ ወደ እሷ ነበር ነጅሙ። ምን እያየህ ነበር?"

"መንገዱን።"

"መንገዱ ላይ እኮ ነበረች!"

"ጾሙ ይሆናል" አለ ነጅመዲን። "ሌሊቱንም እንቅልፍ አልነበረኝም።"

"ይሆናል" አለች፤ ግን አላመነችም።

ጠይባ ምሳ ዕቃው ወድቆ የተሰበረ መሰላት። ውሸት ለመናገር ማንም አፉን አልከፈተም፤ ዝም ስለተባለ ብቻ ነገሩ እንደዚያ ሆነ። ነጅመዲን በዚያው ቀን ሮዝ ምሳ ዕቃ ገዝቶ ለልጅቷ ሰጣት። በማግሥቱ ጠይባ ራሷ መጣች።

"ጋሼ ነጅሙ፣ ምን ሆነው ነው? እሷ እኮ ዕቃ መስበር ልማዷ ነው! አላህ ይስጥዎት፤ ለልጄስ አባት ነዎት።"

ነጅመዲን መሬት መሬት አየ። "ኧረ ምንም አይደለም" አለ። ምንም አይደለም ባለበት አፉ ቀኑን ሙሉ ምራቁ መረረው። የተጨፈለቀውን ምሳ ዕቃ አልጣለውም፤ ከወንበሩ ሥር በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶ መንገድ ያስፈራው ጀመር። ድሮ ሾፌር ሆኖ የሚፈራው ግርግርን ነበር፦ የገበያ ቀን፣ የንግሥ ቀን፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚሯሯጥበትን ሰዓት። አሁን ግን መንገዱ ሰው ሲበዛበት ይረጋጋል፤ ቢያንስ ሰዎቹ አሉ። ጭር ያለ አስፋልት ፊቱ ሲዘረጋ እግሩ ፍሬን ላይ ይወጣል። ማን አለ እዚህ ባዶ ውስጥ? ይላል ለራሱ። ስንት ናቸው? በእርምጃ እየሄደ በባዶ መንገድ ላይ ክላክስ ይነፋል። ልጆቹ ይስቃሉ። "ጋሼ ነጅሙ ለማን ነው?" ይሉታል። እሱም "ለጂኖቹ" ይላቸዋል፤ እነሱ ይበልጥ ይስቃሉ። ሮማነወርቅ ግን አትስቅም።

በዚያው ሳምንት የመንጃ ፈቃዱ ማሳደሻ ደረሰ፤ ለዚያም የዓይን ምርመራ ያስፈልጋል። ነጅመዲን ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ብወድቅስ? አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ባልወድቅስ? የሚለው መጣበት፤ ይሄኛው ለምን ይበልጥ እንዳስፈራው ለራሱም ወዲያው አልገባውም።

ክሊኒኩ ውስጥ ግድግዳው ላይ ሦስት ጣት ያለው ምልክት ከላይ ትልቅ፣ ወደ ታች እያነሰ ተደርድሯል። "ጣቶቹ ወዴት ነው የዞሩት? በእጅዎ ያሳዩኝ" አለው መርማሪው። ነጅመዲን አንድ ዓይኑን ሸፍኖ አሳየ፤ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። ሌላውንም ሸፍኖ አሳየ። ጉንዳን የምታክለዋን የመጨረሻዋን ረድፍ አንድም ሳይስት ጨረሳት።

"አባት፣ ይሄ የእርስዎ ዓይን ነው ወይስ ከልጅዎ ተውሰው የመጡት?" አለ መርማሪው። ማኅተሙን መታው። "ብቁ" ይላል ወረቀቱ።

ነጅመዲን ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ደስ ሊለው ሞከረ። ለከይሪያ ደወለላት፤ እልል አለች፤ ሰፈሩንም እስከ ማታ ድረስ አዳረሰች። ሮማነወርቅ ግን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ መለሰችለት።

"እንኳን ደስ ያለህ አይባልም?" አላት።

"ወረቀቱ እውነቱን ነው" አለች ቀስ ብላ። "ሀውላም እውነቷን ነው፤ እያዩኝ ነበር ያለችው። ሁለቱም እውነት ከሆኑ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው ነጅሙ?" ቀጥላም፣ "መምህር ይድነቃቸውን ታስታውሳቸዋለህ? የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ?"

እንዴት አያስታውስ! ጠመኔ የማይጠፋበት ኮት፣ ጫፉ የተበላ መጽሐፍ፣ አንዱን መጽሐፍ ለአራት ተማሪ የሚያካፍሉት መምህር ይድነቃቸው። አንድ ቀን ሁሉንም ብጫቂ ወረቀት አሲዘው፣ በግራ በኩል የመደመር ምልክት፣ ከእሷ አራት ጣት ወደ ቀኝ ራቅ አድርገው አንዲት ጥቁር ነጥብ አሥለዋቸው ነበር። "ግራ ዓይናችሁን ሸፍኑ፤ በቀኛችሁ መደመሯን ብቻ እዩ፤ ወረቀቱን ቀስ እያላችሁ አቅርቡት።" ስድሳ ልጅ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ከአንዱ ጥግ "ጠፋች!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከሌላውም "ጠፋች!"፤ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ታመሰ። ሮማነወርቅ ነጥቧ ከጀርባ በኩል ሄዳ እንደሆነ ብላ ወረቀቷን ገልብጣ ፈልጋ ነበር።

"ዓይን የማያይባት አንዲት ቦታ ከፍጥረቱም አለችው" ነበር ያሉት መምህሩ። "ነገር ግን ልብ በሉ ልጆች፤ ነጥቧ ስትጠፋ በቦታዋ ቀዳዳ አያችሁ? ጨለማ አያችሁ? ነጭ ወረቀት ነው ያያችሁት። ዓይን የጎደለውን አይናገርም፤ ከጎረቤት ተበድሮ ይሞላዋል።"

ያን ቀን ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አርባ ዓመት ሙሉ ነጅመዲንም ቀልድ መስሎት ኖሯል።

በዚያ ማታ ጾሙን ካፈጠረ በኋላ ከጠረጴዛው ላይ ሰሃኖቹን ገፋ አድርጎ ነጭ ወረቀት ዘረጋ። በመሃሉ የመደመር ምልክት ሠራ፤ ዙሪያዋን ደግሞ ነጥብ በነጥብ ከበባት። አሥራ ሁለት ነጥብ ሆኑ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ። ከጎናቸው ስም አልጻፈም፤ ግን የትኛው ማን እንደሆነ ያውቃል።

ግራ ዓይኑን ሸፈነ። መደመሯን ትኩር ብሎ አየ። ከታች ሦስት ነጥቦች ሄዱ።

ቀኙን ሸፈነ። አምስት ሄዱ።

ሁለቱንም ዓይኖቹን ገለጠ። ሁለት ዓይን ያለው ሰው አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል፤ መምህር ይድነቃቸው እንደዚያ ብለው ነበር። መደመሯን እያየ ዓይኑን ሳያንቀሳቅስ ቆጠራቸው። አሥር። ከታች በስተቀኝ፣ ሀውላ ባለችበት፣ ወረቀቱ ንጹሕና ነጭ ነበር። ከእሷ ጎን ያለው የሌላው ትንሽ ልጅ፣ የሰዳም፣ ነጥብም የለም። ዓይኑን ወደዚያ ቢያዞር ሁለቱም ተመለሱ። ወደ መደመሯ ቢመልስ ሄዱ። ወረቀቱ አልተቀደደም፣ ምንም አልጋረደውም። እንደዚያ ያለ የጸዳ ነጭ አይቶ አያውቅም።

"ምን እየሠራህ ነው?" አለች ከይሪያ ከኋላው።

"እየቆጠርኩ ነው" አለ።

ለሮማነወርቅ ደውሎ "ነገ ሌላ ሾፌር ፈልጊ፤ እኔ የዓይን ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ" አላት። በነጋታው ልጆቹ በሁለት ኮንትራት ታክሲ ሄዱ። የዓይን ክሊኒኩ ውስጥ ሲስተር ሄለን የምትባል ወጣት ነርስ አገጩን ነጭ ትልቅ ሳህን በመሰለ ማሽን ላይ አስደግፋ፣ መሃሉን እያየ ብልጭ የሚል ነገር ባየ ቁጥር ቁልፏን እንዲጫን ነገረችው። ብልጭ ሲል ተጫነ፤ ብልጭ፣ ተጫነ። ከዚያ ምንም የለም። ረጅም ጊዜ ምንም የለም።

"ሲስተር፣ ማሽኑ የቆመ መሰለኝ" አለ።

"አልቆመም አባቴ" አለችው።

በኋላ ወንበሯን አስጠግታ አስረዳችው። "ግላኮማ ይባላል። የዓይን ውስጥ ግፊት ነው፤ ነርቩን ቀስ እያለ ይጎዳል። አያምም፣ አይቀላም፣ ለዚህ ነው ሰው የማያውቀው። ሴንተሩ፣ የእይታው መሃል ማለት ነው፣ እስከ መጨረሻ ድረስ ይቆያል፤ ያ ግድግዳ ላይ ያነበቡት እሱን ብቻ ነው የሚለካው። የሄደው አይመለስም። ጠብታውን በሰዓቱ ካደረጉ ግን የቀረውን እናቆየዋለን።"

"መኪናስ?"

"ስንት ሰው ነው የሚጭኑት?"

"አሥራ ሁለት። ልጆች ናቸው።"

ሄለን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወደ ማሽኑ ወረቀት አየች፤ የወረቀቱ የታችኛው ክፍል ጠቁሯል። "ልጅ የለኝም አባቴ" አለች፤ "ቢኖረኝ ግን አልሰጥዎትም ነበር።"

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉም ነገር እምቢ አለ። ሮማነወርቅ ያነጋገረችው ሾፌር የሚመጣው ሰኞ ነው። ኮንትራት ታክሲዎቹ አልተገኙም። ልጆቹ ደግሞ የአጋማሽ ፈተና አለባቸው። መኪናዋ ጎማዋ ላይ ድንጋይ ተደግፎ ዳገቱ ላይ ቆማለች፣ ወላጆች ከብበዋታል፣ ነጅመዲን ቁልፉን በእጁ ይዞ መካከላቸው ቆሟል።

"መንዳት አቁሜያለሁ" አላቸው። "ዓይኔ ታሟል።"

"የምን መታመም?" አለች ጠይባ። "ከይሪያ ወረቀቱን አሳይታናለች፤ ብቁ ይላል እኮ! ከእርስዎ የተሻለ ዓይን እዚህ ሰፈር የማን ነው?"

"ወረቀቱ የሚያየው ሌላ ነው" አለ። የመምህር ይድነቃቸውን ነገር በኪሱ ይዞ ነበር፤ የመደመር ምልክትና አንዲት ነጥብ። "እስቲ ግራ ዓይንሽን ሸፍነሽ ይቺን እያየሽ አቅርቢው።"

ጠይባ አደረገችው። "ውይ!" አለች። "ጠፋች! ኧረ ጠፋች!" ወረቀቱን አርቃ እንደገና አቀረበች። ሌላዋ እናት ተቀብላት ሞከረች፤ ለእሷም ጠፋች። ልጆቹ ተሻሙበት። "ጠፋች! ጠፋች!" እያሉ ዳገቱን በሳቅ ሞሉት።

"ታዲያ ጋሼ ነጅሙ፣ ለሁላችንም ጠፋች እኮ!" አለች ጠይባ እየሳቀች። "ይቺን ነው የሚፈሩት? ሁሉም ሰው ያለውን? ኧረ ይተዉ! ጾሙ ሆድ አስብሶዎት ነው። ዛሬን ብቻ ያድርሷቸው፤ ዐሥር ደቂቃ መንገድ ናት። ቀስ ብለው ይነዳሉ፤ እርስዎ መቼም ቀስ ነው የሚነዱት።"

"ዛሬን ብቻ" አሉ ሌሎቹም።

ነጅመዲን ያሳየው ማስረጃ እጁ ላይ ተገልብጦበት ቆመ። ሁሉም እየሳቁለት፣ ሁሉም እየፈቀዱለት ነበር። ዛሬን ብቻ። ዐሥር ደቂቃ። ሮማነወርቅ አጠገቡ ትሆናለች፤ እሷ ታይለታለች። እጁ ሳያዘው ወደ መኪናዋ በር ሄደ፤ በሩንም ከፈተው። ከወንበሩ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለው ነገር ታየው።

በሩን መልሶ ዘጋው።

"ጠይባ፣ እዚህ ፊት ለፊቴ ቁሚ" አላት። "ዓይኔን ዓይኔን እያየሽ። ሮማነ፣ አንቺ ሀውላን ያዢልኝ። ድብብቆሽ እንጫወታለን። ከመኪናው ኋላ አይደለም፣ ከማንም ጀርባ አይደለም። በግልጽ ሜዳ ላይ አቁሚያት፤ የት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።"

"ሜዳ ላይ ይደበቃል እንዴ?" ብለው ልጆቹ ተንጫጩ።

ሮማነወርቅ ነጅመዲንን አየችው። ነገሩ ገባት። ሀውላን በትከሻዋ ያዘቻት።

ነጅመዲን ዓይኑን ጨፈነ። "ኩኩሉ!" አለ።

"አልነጋም!" አለች ሀውላ በሳቅ ተሞልታ።

"ኩኩሉ!"

"ነጋ!"

ዓይኑን ገለጠና ጠይባን ፊቷ መሃል ላይ አያት። ከጠይባ በስተጀርባ ግንቡን አየ፣ ግንቡ ላይ የተለጠፈውን የትምህርት ቤት ማስታወቂያ አየ፣ በላዩ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር ሳይቀር አነበበ። ከታች አስፋልቱን፣ ቦዩን፣ ቦዩ ዳር የወደቀውን ቅጠል አየ። ልጅ የለም። ዓይኑን ከጠይባ ፊት ሳይነቅል ጠበቀ። ሀውላ የለችም።

"የለችም" አለ።

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። "ጋሼ ነጅሙ ይቀልዳሉ!"

"ጠይባ፣ ዓይኔን እያየሽ ነው አይደል? እየቀለድኩ ነው?" አለ። "ልጅሽ የት ናት? እኔ አስፋልት ብቻ ነው የማየው።"

ያን ጊዜ ከዚያ ባዶ አስፋልት ላይ፣ ከቀኝ ጉልበቱ ሁለት እርምጃ የማትርቅ ሆና፣ አንዲት ትንሽ ድምፅ ወጣች።

"ነጋ እኮ! ጋሼ ነጅሙ፣ ነጋ አልኩዎት እኮ! ይኸው እጄን እያውለበለብኩልዎት ነው!"

የጠይባ ሳቅ ከፊቷ ላይ ሲረግፍ ነጅመዲን አየ። እሱንማ አጥርቶ አየው፤ ከንፈሯ ሲከፈት፣ ዓይኗ ከእሱ ዓይን ወደ ልጇ፣ ከልጇ ወደ እሱ ሲመላለስ፣ ከዚያ ወድቆ ተሰበረ ያለችው ምሳ ዕቃ ትርጉሙ ቀስ ብሎ ሲደርስባት፣ አንድም አላመለጠው። "ያ ረቢ" አለች በሹክሹክታ። እጇን ወደ ባዶው ሰደደች፤ ልጇንም ከዚያ ውስጥ ጎትታ አወጣቻት። አቅፋት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀች።

ሮማነወርቅ መጥታ ቁልፉን ከእጁ ወሰደች። ወላጆቹ ልጆቻቸውን በየእጃቸው ያዙ፤ በእግር ሊያደርሷቸው ቁልቁል ተያያዙት። ሮማነወርቅ ከኋላ ሆና የእያንዳንዱን ልጅ ራስ በመዳፏ እየነካች ስትቆጥር ይሰማው ነበር፦ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ጠይባ ዘወር አላለችም።

ኮቴያቸው ሲርቅ መንገዱ ጭር አለ። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ሃምሳ ዓመት የተመላለሰበት ነው፤ ፊቱ ተዘርግቷል፣ ፀሐይ አርፎበታል፣ ምንም የለበትም። ነጅመዲን አንድ እግሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። እጁን ወደ ቀኝ ወደ ታች ዘርግቶ አየሩን ዳሰሰ። እንደገናም ዳሰሰ። ከዚያ በኋላ ነው የመጀመሪያዋን እርምጃ የተራመደው።